ቡሬ በማን ስም ታሰረች

ዶርቃ ፔል አሳማዋ መታሰሯን የሰማችው የበቆሎ ገንፎዋን እያማሰለች ሳለ ነው። ወሬውን ያመጣው የከተማው የአሳማ ሹም ኤሊፋላት ቱትል ነው፤ ያሰራትም እሱ ራሱ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ያሻል፣ ዓይኑን መሬት መሬት ያደርጋል። ቢቻለው ኖሮ ወሬውን ደፉ ላይ አስቀምጦ በሸሸ።

የአሳማ ሹምነት በኦልደርፎርድ ከተማ ክብር አይደለም። በዓመቱ ሚስት ላገባ ወንድ የሚሰጥ ሹመት ነው፤ ሙሽራ ከሞቀ አልጋው ወርዶ በየጭቃው አሳማ ሲያሯሯጥ ማየት ለሰዉ ደስታ ነውና። ኤሊፋላት የመጀመሪያ ሚስቱን ቀብሮ ሁለተኛዋን ሲያገባ ሃምሳ ዓመት አልፎት፣ ጉልበቱም መንቋቋት ጀምሮ ነበር። ሙሽራ ሙሽራ ነው ብለው በሳቅ ሾሙት። እሱ ግን የዋህ ነው፤ ሹመቱን ከምሩ ያዘው። መከራ የሚመጣው እንዲህ ካለ ሰው ነው።

"ምን አደረገች?" አለች ዶርቃ፣ ማማሰያዋን ሳታስቀምጥ።

"ምሰሶውን ጣለችው፣ እትዬ።"

"የቱን ምሰሶ?"

"የነጻነቱን።"

የነጻነት ምሰሶው ንጉሡን የሚቃወሙት የኢዮአታም ስክሪብነርና የማኅበሩ ነው። አምና ከጫካው ረጅሙን ጥድ ቆርጠው፣ ልጠው፣ ጫፉ ላይ ቀይ ባንዲራ ሰቅለው በመሰብሰቢያው ቤት ፊት ተከሉት። ከዚያ ወዲህ ንጉሥ የጠላ ሁሉ ከሥሩ ቆሞ ይምላል፣ ይፎክራል፣ የፖም ጠጁን ይገለብጣል። ጉድጓዱን ግን ላይ ላዩን ነው የጫሩት፤ ለመፎከር እንጂ ለመቆፈር ማን ጊዜ አለው። የዶርቃ አሳማ ቡሬ ከሥሩ ትል ሸተታት። ትል የሸተታት አሳማ ነጻነት አታውቅም፣ ንጉሥ አታውቅም። አፍንጫዋን ሰካች፣ ማሰች፣ ፈነቀለች፤ ያ ሁሉ ጥድ ተገንድሶ ከጎኑ ያለውን የኢዮአታምን አጥር እንዳልነበር አደረገው።

ኤሊፋላት እያነከሰ ሲደርስ ግማሽ ከተማ ቆሞ ያይ ነበር። ሲሾም ያስማሉት ቃል አንድ ብቻ ነው፤ እሱኑ ተናገረ። ጆሮዋን ይዞ "በንጉሣችን በጊዮርጊስ ስም ይዤሻለሁ" አላት። ሌላ ቃል አያውቅም።

"እርጉዝ መሆኗን አላየህም?" አለች ዶርቃ።

"አይቻለሁ።"

"ቀኗ መድረሱንስ?"

"እሱንም አይቻለሁ" አለና ባርኔጣውን ቁልቁል ተመለከተው። "ሕግ ነው፣ እትዬ።"

ዶርቃ ገንፎውን ከእሳት አወረደች። ፊቷን አዙራ ሻሿን ማሰር ጀመረች።

ባሏን ባሕር በልቶባታል፣ ልጆቿን ፈንጣጣ። የቀራት አንድ ክፍል ቤትና ቡሬ ናቸው። ቡሬ ከምትወልዳቸው ጥቂቱን ክረምቱን እንጨት ለሚያመላልስላት ሰው ትሰጣለች፣ አንዱን መሬቷን ለሚያርስላት፣ በቀሩት ዱቄትና ጨው ትገዛለች። እነዚህ ግልገሎች ከሞቱ ዶርቃ ድሃ ናት፤ ድሃ ደግሞ ኦልደርፎርድ አይጥልም፣ ይጫረትበታል። በየመጋቢቱ ስብሰባ ጧሪ የሌላትን አሮጊት መሃል ያቆሙና ይህችን በትንሽ ገንዘብ የሚያኖር ማነው ይላሉ፤ ከከተማው ካዝና ትንሹን የጠየቀ ይወስዳታል። አምናም ዘንድሮም ሩሃማ የምትባለዋን ባልቴት የወሰዳት ኢዮአታም ስክሪብነር ነው። ከማለዳ እስከ ማታ ሱፍ ታፈትልለታለች፤ ራት ላይ ቁራሽ ሰጥቷት ስለ ባርነት ክፋት ይሰብካታል። ዶርቃ በሩሃማ ወንበር ላይ ከምትቀመጥ ወንዝ ብትገባ ትመርጣለች።

ስለዚህ ሻሿን አስራ ወጣች።

የከተማው ማገቻ በረት ከመሰብሰቢያው ቤት ጀርባ ነው፤ ጣራ የለው፣ ገለባ የለው፣ ዙሪያውን የድንጋይ ካብ፣ ፊቱ ላይ ቁልፍ ያለው የእንጨት በር። ቡሬ ጥግ ይዛ ትንቆራጠጣለች። ጡቷ አጋቷል፣ ሲጫኑት ወተት ያንጠባጥባል። ጎጆ ልትሠራ መሬቱን በአፏ ትፈልጋለች፤ ከጭቃ በቀር ምንም የለም። ከማዶ ጥግ ደግሞ አንድ ፈረስ ታግቷል። የከተማው ዳኛ ፈረስ ነው። ዳኛው ባለፈው መጋቢት የንጉሡ ወታደሮች ቦስተንን ለቀው በመርከብ ሲሄዱ አብሮ ኮበለለ፤ ፈረሱ የማንም ሳይሆን ቀረ። የማንም አለመሆኑን ጠልቶ ነው መሰለኝ ያገኘውን ሁሉ ይረግጣል።

የበረቱ ጠባቂ ቤርዜሊ ዊት በሩ ላይ በርጩማ አድርጎ ተቀምጧል። ቤርዜሊ የንጉሥ ሰው ነው፣ ከአባቱ የወረደ የንጉሥ ሰው። ዶርቃን ሲያያት ፊቱ በራ። ቡሬ ምሰሶውን ከጣለች ወዲህ ከራሱ ጎተራ የከረመ ፖም አምጥቶ በእጁ ሲያጎርሳት ነው የዋለው።

"እንዲህ ያለች ታማኝ ፍጥረት በዚህ ከተማ አላየሁም" አላት።

"እሰይ። እንግዲያ ክፈትላት።"

ፊቱ መልሶ ጠቆረ። "እሱን አልችልም፣ ዶርቃ። በንጉሥ ስም የታሰረ የሚፈታው በንጉሥ ስም ነው። በንጉሥ ስም መፍታት የሚችል ዳኛው ነው።"

"ዳኛው የት አለ?"

"በመርከብ ሄዷል።"

"መቼ ይመለሳል?"

"ንጉሡ ሲያሸንፍ።"

"ቤርዜሊ፣ ያቺ አሳማ ንጉሥህ እስኪያሸንፍ ሆዷን ይዛ አትጠብቅም። ያ ፈረስ ደግሞ የወለደችውን አንድ በአንድ ይረግጥባታል።"

ቤርዜሊ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ልቡ አዝኗል፣ ማዘኑንም አልደበቀም። ግን እኔ የንጉሡን እስራት በገዛ እጄ ከፈታሁ ከነዚያ ምሰሶ ተካዮች በምን እለያለሁ አለ። በንጉሡ ስም የታሰረችው ለንጉሡ ስለሠራች ነው ብትለውም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ትልቅ ሥራ የሠራ ሁሉ ጥቂት መታሰሩ ያለ ነው፣ ታሪክ ላይም አለ፣ አላት።

ዶርቃ ትታው ወደ ኢዮአታም ስክሪብነር ሄደች። ኢዮአታም የነጻነት ኮሚቴው አለቃ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር አገጩ ቀድሞት የሚሄድ። በወደቀው ምሰሶ ላይ አንድ እግሩን ጭኖ አጥሩን ያያል። ሚስቱ ከኋላው ቆማ የሰባበረውን እንጨት ትለቅማለች። ንጉሡ በሻይ ላይ ቀረጥ ከጣለ ወዲህ ሻይ የጠጣ ከሃዲ ነው ብሎ ቤት ለቤት እየዞረ የሚበረብር እሱ ነው፤ ሚስቱ ደግሞ ሻዩን በቅቤ ገንቦ ውስጥ እንደምትደብቅ ከሱ በቀር የማያውቅ የለም።

ዶርቃ አሳማዬን አስፈታልኝ ስትለው፣ እኔ አሳማሽ መታሰሯን አላውቅም አላት።

"ቆመህ አየህ እኮ።"

"አየሁ። ግን የታሰረችው በንጉሥ ስም ነው። እኔ ንጉሥ አላውቅም። ስለዚህ መታሰሯን አላውቅም። በእኛ ዓይን አሳማሽ ነጻ ናት።"

"በእናንተ ዓይን ነጻ ናት፣ ግን በረት ውስጥ ናት።"

"የቤርዜሊ ጥፋት ነው።"

"እንግዲያ ነጻ ናት ብለህ አውጣልኝ።"

ኢዮአታም አገጩን አነሳ። አሳማዋን ላውጣ ብል መታሰሯን ማመኔ ነው፤ መታሰሯን ካመንኩ ንጉሡን አመንኩ ማለት ነው አለ። ደግሞም ብትወጣ መልሰን እንይዛታለን፤ ነጻነትን የጣለች በነጻ ሰዎች ፊት መቅረብ አለባት። ቀስ በይ፣ እማማ ዶርቃ፣ ዛሬ ከሰዓት ሁሉም ነገር ይለይለታል አላት። በክፍለ ሀገሩ ያለ ከተማ ሁሉ ከንጉሡ እንለይ ወይስ እንቆይ የሚለውን ተሰብስቦ ድምፅ እንዲሰጥ ከምክር ቤቱ ታዞ ነበር፤ የኦልደርፎርድ ተራ ዛሬ ነው።

"እስከ ከሰዓት ብትወልድስ?"

"ከድምፁ በኋላ ብትወልድ ይሻላል" አላት። ምን ማለቱ እንደሆነ ያኔ አልገባትም።

መሰብሰቢያው ቤት እሁድ የሚጸለይበት፣ በሌላው ቀን የሚሟገቱበት ያው አንድ ቤት ነው። ወንዶቹ ታች ይቀመጣሉ፣ ሴቶቹ ፎቁ ላይ ሆነው ዝም ይላሉ። ዶርቃ ፎቁን አልወጣችም። በሩ ዘንድ ቆመች፤ ከዚያ ቡሬ ብትጮህ ይሰማታል።

መጀመሪያ የተጣሉት በስብሰባው ጥሪ ነው። በዚያ አገር ስብሰባ የሚጠራው በንጉሥ ስም ነው፤ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ሌላ መጥሪያ የለም። እነኢዮአታም ያለ ንጉሥ ስም እንጥራው ብለው ነበር፤ ያልተጠራ ስብሰባ ላይ አንቀመጥም ብለው እነቤርዜሊ አኮረፉ። እነሱ ከሌሉ ደግሞ ውሳኔው የከተማው አይባልም። ስለዚህ ንጉሡን ስለማባረር ለመምከር በንጉሡ ስም ተጠርተው መጡ። በሰው ድግስ ተቀምጦ፣ የሰውን ሥጋ እየበሉ፣ ባለቤቱን በየትኛው መስኮት እንወርውረው እንደማለት ነው።

የሚሰበስበው ካፒቴን ኤማን ሊድ ነው፤ ያረጀ ወታደር፣ ጆሮው አንደኛው ብቻ የሚሰማ። የንጉሥ ወዳጆች በደንቆሮው ጆሮ በኩል ተቀመጡ፤ አውቀው ሳይሆን የአባቶቻቸው ወንበር እዚያ ስለሆነ ነው። ወንበሩን ለቆ መሄድ ደግሞ ንጉሥን ለቆ ከመሄድ ይብሳል፤ ማን እንደሚቀመጥበት አይታወቅም።

ብዙ ተባለ። አንዱ ንጉሥ አባት ነው አለ። ሌላው አንድ ቀን መጥቶ ልጆቹን ያላየ፣ ቀረጥ እንጂ ሰላምታ ልኮ የማያውቅ ምን ዓይነት አባት ነው አለ። ሦስተኛው የኔም አባት እንዲሁ ነበር፣ ቢሆንም ቀብሬዋለሁ አለ። ስለ ቀረጥ ተባለ፣ ስለ ዓሣ፣ ስለ ጥድ እንጨት። ከተለየን ማን ይጠብቀናል ሲባል ከማን ሲባል ከንጉሡ ተባለ። ካፒቴን ኤማን ግማሹን ሰማ።

ዶርቃ ከበሩ ሆና ጉሮሮዋን ጠረገች። "ካፒቴን፣ አሳማዬ ልትወልድ ነው። በረቱን አስከፍቱልኝና ወደ ንጉሣችሁ ተመለሱ።"

ካፒቴኑ በመልካሙ ጆሮው ሰማት። ስብሰባው ካልተጠራበት ነገር ሌላ ማንሳት ክልክል ነው፣ እትዬ ዶርቃ፣ የተጠራነው ለንጉሡ ነገር እንጂ ለአሳማ አይደለም አለ። ቤርዜሊ ዊት ብድግ አለ። አሳማዋ በንጉሥ ስም የታሰረች ስለሆነች የንጉሡ ነገር ናት አለ። ኢዮአታምም ብድግ አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ከቤርዜሊ ጋር ተስማማ። አዎ፣ የአሳማዋ ነገር የንጉሡ ነገር ነው አለ። ከዚያች ሰዓት ወዲያ ስለ ቀረጥና ስለ ዓሣ ያነሳ የለም።

መጀመሪያ ያነሱት ይህን ነው፤ ከተለየን እስራቱ የሚሻረው ከዛሬ ጀምሮ ነው ወይስ ከመጀመሪያው አልነበረም። ቀጥለው፣ ከመጀመሪያው ካልነበረ የኤሊፋላት ሹመትም አልነበረም፤ ሹመቱ ካልነበረ ጋብቻውስ? ኤሊፋላት ፎቁ ላይ ያለችውን አዲሲቱን ሚስቱን ቀና ብሎ አየ። ጋብቻው ይቆይ ተባለ።

ከዚያ አንድ ቆዳ ፋቂ ተነስቶ ነገሩን አበላሸው። አሳማዋ ታሳዝነኛለች አለ፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የግልገሎቹ ጉዳይ ነው። ድምፅ ሳንሰጥ ከተወለዱ በንጉሥ ስም በታሰረች እናት፣ በንጉሥ በረት፣ በንጉሥ ዘመን ነው የተወለዱት፤ የንጉሥ ዜጋ ናቸው። ድምፅ ከሰጠን በኋላ ከተወለዱ ነጻ ናቸው። ግማሹ ቀድሞ ግማሹ ከወጣ ደግሞ ከአንድ ማሕፀን የወጡ ወንድማማቾችን ጦርነት ማስገባታችን ነው።

ሁሉም ቀስ ብሎ ገባው።

ኤሊፋላት ሄዶ እንዲያይ ተላከ። እያነከሰ ሄዶ እያነከሰ ተመለሰ። "ገና ናት" አለ። የኢዮአታም ሰዎች ቶሎ ድምፅ እንስጥ ብለው መጮህ ጀመሩ። የቤርዜሊ ሰዎች ይህን የሚያህል ነገር በጥድፊያ አይወሰንም አሉ፤ አንዱ ተነስቶ የንጉሡን የዘር ሐረግ ከሥሩ መቁጠር ጀመረ። ሲደክመው ሌላው ተቀበለው። ሦስተኛው፣ ኮልታፋ የሆነው፣ ስለ ንጉሡ ቸርነት ሊናገር ተነሳ። ቤርዜሊ በመጨረሻ እንጸልይ አለና ዓይኑን ጨፈነ። ጸሎትን ማን ያቋርጣል? ከአዳም ጀምሮ ወረደ። ኢዮአታም አንገቱን ደፍቶ ጥርሱን ያፋጫል፤ ኤሊፋላት በየመሃሉ ወጥቶ ይገባል፣ ገና ናት ይላል፤ የጸሎቱ ባለቤት ይህን ሲሰማ ከኖኅ ወደ አብርሃም ዘገም ይላል።

ዶርቃ በሩን ተደግፋ ትሰማቸዋለች። በወንድ ልጅ ቂልነት ከተደነቀች ቆይታለች፣ ዛሬ ግን የሰማችውን አላመነችም። አንዱ ወገን አሁኑኑ ትውለድ ይላል፣ ሌላው ትቆይ ይላል፤ ፈረሱን ከዚያ ያስወጣ፣ ገለባ የሰጣት፣ ውሃ ጠጣች ወይ ያለ የለም። እነዚህ ሰዎች ናቸው በመጋቢት ስብሰባ መሃል አቁመው በእሷ የሚጫረቱት። ኢዮአታም ትንሹን ይጠይቃል፤ ቤርዜሊ እያዘነ እጁን ያወጣል።

ጸሎቱ ግብፅ ሲደርስ ካፒቴን ኤማን ያለቀ መስሎት አሜን አለ። የደነቆረው ጆሮው ነበር ወደ ቤርዜሊ ያለው። ሁሉም አሜን አለ፤ አሜን ከተባለ ደግሞ ተባለ። ኢዮአታም በዚያች ቅጽበት እንለይ የሚል እጁን ያውጣ ብሎ ጮኸ። እጅ ወጣ። ቤርዜሊና ወንበሩን የማይለቀው ወገኑ ሲቀሩ እጅ ያላወጣ አልነበረም፤ ከነሱም መሃል ሁለቱ እንቅልፍ ይዟቸው ነበር።

ስለዚህ ኦልደርፎርድ ከንጉሡ ተለየ። ኢዮአታም አለቀሰ፣ እውነተኛ እንባ ነበር። ቤርዜሊም አለቀሰ፣ የሱም እውነተኛ ነበር። ካፒቴን ኤማን ስብሰባውን ሊዘጋ ተነሳ።

"ስብሰባው ተፈጽሟል" አለ፤ "እግዚአብሔር—"

እዚያ ላይ ቆመ።

ስብሰባ የሚዘጋበት ቃል አንድ ነው፤ እግዚአብሔር ንጉሡን ይጠብቅ ይባላል፣ ያኔ ሰው ባርኔጣውን ያነሳል። ቃሉ ሳይባል የወጣ መቀጫ አለበት። አፉን ከፍቶ ቀረ ካፒቴኑ።

እግዚአብሔር ምክር ቤቱን ይጠብቅ ይባል አለ አንዱ። የምክር ቤቱን ሰዎች የሚያውቅ ሌላው፣ እነዚያን እግዜርም አይጠብቃቸው አለ። ሕዝቡን ይጠብቅ ሲባል ከማን ተባለ፤ እንግዲህ ንጉሥ የለም። ኦልደርፎርድን ይጠብቅ ቢባል ጎረቤት ከተማ ይስቃል። እኛን ይጠብቅ ቢሉ ቤት የተቃጠለበት ሰው ጩኸት መሰለ። ቤርዜሊ እንባውን ጠርጎ፣ ለዛሬ ብቻ የድሮውን ብትሉ እኔ አልታዘባችሁም አለ። ኢዮአታም ሬሳዬን ተራምዳችሁ አለ። ተቀመጡ፤ ሊወጣ የደፈረ የለም። ንጉሥ ለማባረር የደፈረ ሁሉ የመቀጫው ነገር አስፈራው።

ያኔ ነው የቡሬ ድምፅ የተሰማው። ዶርቃ ያንን ድምፅ ታውቀዋለች።

በሩን ለቀቀችና ወንዶቹ መሃል ገባች። ሴት ታች አትገባም፤ ግን ስብሰባው ይዘጋ አይዘጋ ያልታወቀበት ቤት ውስጥ ሴት ትግባ አትግባ የሚል አልተገኘም። ቤርዜሊ ፊት ቆመች።

"በበረቱ ላለ እንስሳ ውሃ የሚሰጥ ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ ጠባቂው።"

"ጠጥታለች?"

ቤርዜሊ ደነገጠ። በጸሎቱ ረስቷታል። "ሄጄ እንዳልሰጣት መውጣት አልችልም" አለ።

"እንስሳ በጥም ብትሞት ለንጉሥ ነው ለምክር ቤት መልስ የምትሰጠው?"

"ለእግዚአብሔር" አለ፤ ከልቡ ነው።

"እንግዲያ ቁልፉን አምጣ፤ እኔ ላጠጣት።"

ግራ ቀኝ አየ። ኢዮአታም ከማዶ፣ ቁልፉ የከተማው ነው፣ ከተማው ደግሞ አሁን ነጻ ነው፣ ስለዚህ ቁልፉን የሚሰጠው ኮሚቴው ነው አለ። ይህን ሲሰማ ቤርዜሊ እልህ ያዘው፤ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አደረገላት።

"ታጠጪያታለሽ፣ ትዘጊያለሽ፣ ትመልሺልኛለሽ።"

"አጠጣታለሁ" አለች ዶርቃ።

በረቱን ከፈተች። ፈረሱ ጆሮውን አጥፎ መጣባት፤ በያዘችው የውሃ ባልዲ አፍንጫው ላይ አጮለችው፣ ዞር ሲል መቀመጫውን አከለችለት። በተከፈተው በር ወጥቶ መንገድ ለመንገድ ጋለበ። የማን እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይያዘው። ቡሬ ጥጉ ላይ ወድቃለች፤ የመጀመሪያው ወጥቶ ጭቃ ላይ ይላወሳል። ዶርቃ የምታደርቅበት ጨርቅ ስታጣ ወጣች። የወደቀው ምሰሶ እዚያው አለ፣ ባንዲራውም ጫፉ ላይ። ጥሩ ወፍራም ቀይ ሱፍ ነው፣ ሩሃማ የፈተለችው። ገንጥላ ይዛው ተመለሰች።

ጭቃ ላይ ተንበረከከች። አንዱን አደረቀች፣ አፍንጫውን በጣቷ ጠረገች፣ ጡት ላይ አስያዘች፤ ሌላው መጣ። እርጅና የጨበጠው ጣቷ ያማታል፣ ግን ይሠራል። አንደኛው ሳይተነፍስ ወጣ፤ በባንዲራው አሸችው፣ አፉ ላይ እፍ አለችበት፣ አሸችው፤ አልሆነም። ወደ ጎን አደረገችው። የሱ ተከታይ ትንሽ ሆኖ ሳለ ከሁሉ በላይ ጮኸ። "አንተ ስብሰባ ትመራለህ" አለችው።

ከመሰብሰቢያው ቤት መስኮት የሙግታቸው ድምፅ ይመጣል። ወደ ራት ሰዓት እየቀዘቀዘ ሄደ። የዘጋው ግን የለም። መቀጫውን የሚፈራ ሁሉ ሆዱን አብልጦ ፈራና አንዱ ለመሽናት፣ አንዱ ላም ለማለብ እያለ በጓሮ በር ሾልኮ ቀረ። ያ ስብሰባ እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ የዘጋው ካለ ይንገረን።

መጨረሻ የቀሩት ኢዮአታምና ቤርዜሊ ነበሩ፤ አንዱ ካልወጣ አንዱ አይወጣም። ተያይተው እኩል ወጡ። ኤሊፋላት ከኋላቸው። ወደ በረቱ መጥተው በካቡ ላይ አንገታቸውን ሰገግ ሲያደርጉ ዶርቃ ጭቃ ላይ ተቀምጣለች፤ ቁልፉ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ግልገሎቹ ቡሬ ጡት ላይ ተደርድረዋል፣ ጥቂቶቹ በቀይ ተጠቅልለዋል።

ቤርዜሊ ፈረሱን ሲያጣ አነባ። ኢዮአታም ባንዲራውን ሲያይ ካቡን ጨበጠ። ከዚያ ሁለቱም በአንድ አፍ ኤሊፋላትን ያዛት አሉት፤ አንዱ በረት ሰብራለች ብሎ፣ አንዱ ነጻነትን አቆሽሻለች ብሎ። ሹም ነህ አሉት።

ኤሊፋላት በሩን አልፎ ገባ። ባርኔጣውን አወለቀ። ሕግ ስለሆነ ቀጥ ብሎ ቆመ። "እትዬ ዶርቃ" አለ፤ "በ..."

ዶርቃ ቀና ብላ ጠበቀችው። ምሯን ነው የጠበቀችው። ያ ቃል ከአፉ ቢወጣ፣ የማንም ስም ይሁን፣ ቡሬም ግልገሎቹም ክረምቷም ያልቃሉ።

ኤሊፋላት ወደ ቤርዜሊ አየ። ቤርዜሊ የንጉሡን ስም ጠበቀ። ወደ ኢዮአታም አየ። ኢዮአታም ያንን ስም ቢጠራ ሊያንቀው ካቡን ጨብጧል። ሌላ ስም ቢፈልግ የከተማው ጉባኤ እስከ ራት ፈልጎ አላገኘም። አፉን ከፈተ፣ ገጠመ።

"ስሙን ስታገኙት ተመለሱ" አለች ዶርቃ፣ ለሦስቱም። "ቤቴን ታውቁታላችሁ። እስከዚያ፣ ኤሊፋላት፣ ባርኔጣህን ወዲህ በል፤ ብርድ ሊገባቸው ነው።"

ሰጣት። የሚችለውን ያህል ግልገል ሞላችበት፤ የቀሩትን በቀሚሷ ሽርጥ ቋጠረች። ቡሬ የልጆቿን ጩኸት ስትሰማ እያቃሰተች ተነሳች። ከበረቱ ሲወጡ ኢዮአታም በአንድ በኩል፣ ቤርዜሊ በሌላው ሆነው በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ የትኛቸው እንደሚከለክላት ሲከራከሩ አለፈቻቸው።

መንገዱ ላይ ኤሊፋላት ባርኔጣውን እንደ ሙሉ የወጥ ድስት በሁለት እጁ ይዞ ያነክሳል። ብዙ ከሄዱ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እትዬ፣ በሞቴ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርስዎ ከልብዎ ከማን ወገን ነዎት? ከንጉሡ ነው ከነሱ?"

"እግርህ ሥር እይ" አለች ዶርቃ፤ "ትጥላቸዋለህ።"